የታሰርንበት ንግግር

ሲይዙን ንግግሬ ገና አላለቀም ነበር።

ካርቱም፣ ሶባ ሰፈር ውስጥ ለሠርግ የሚከራይ አዳራሽ ነው። ለሙሽሮች ከተቀመጡት ሁለት ወርቃማ ወንበሮች አጠገብ ቆሜ፣ "በሦስተኛ ደረጃ የምንመለከተው" ብዬ ወረቀቴን ስገልጥ የኋላው በር ተከፈተና ፖሊሶች ገቡ። ማንም አልጮኸም። አንደኛው ወደ መድረኩ መጥቶ ድምፅ ማጉያውን ከእጄ በቀስታ ወሰደ፤ ማጥፊያውን ትንሽ ፈለገና አጠፋው። በዚያ ሰሞን ካርቱም በሙሉ ሰልፍ ነበር። ጎማ ይቃጠላል፣ ድልድይ ይዘጋል፣ አምስት ሰው አብሮ ከቆመ ለምን ቆመ ይባላል። እኛ ፈቃድ ያለን መስሎን ነበር። ፈቃዱን ያወጣልን ሰው ግን ስብሰባ ቢል እንደሚከለከል ፈርቶ ኖሮ፣ ሠርግ ነው ብሎ ነበር ያስፈቀደው።

ከፊት የተቀመጡትን ዘጠኝ ሴቶችና እኔን ወሰዱን። ሌላው በጎን በር ወጣ። ከፊት የነበሩት ደግሞ እኔ ራሴ "ወንበር አለ፣ ወደ ፊት ቅረቡ" እያልኩ ያስጠጋኋቸው ናቸው።

የገባንበት ክፍል የእህል መጋዘን ይመስል ነበር። ሲሚንቶ ወለል፣ ከፍ ብሎ በሽቦ የተከለለ አንድ መስኮት፣ ጥግ ላይ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ውኃ። በረኪናው ዐይን ያቃጥላል። ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ግድግዳውን በምስማር እየጫሩ ቀን ቆጥረውበታል፤ አንዳንዱ ቆጥሮ ቆጥሮ መሀል ላይ ትቶታል። ቆርቆሮው ከላይ እየጋለ ሲመጣ ሁላችንም ነጠላችንንና ሻርፓችንን አውልቀን ወለሉን አጥበን በእርጥቡ ላይ ተቀመጥን።

የመጀመሪያውን ቀን አንገቴን ደፍቼ ዋልኩ። እነዚህ ሴቶች አብዛኞቹ የሰው ቤት ሠራተኞች ናቸው። በሳምንት አንድ ዐርብ ነው ያላቸው። ያቺን ዐርብ ለእኔ ሰጥተው ታሰሩ። አሠሪዎቻቸው ሌላ ይተካሉ፤ ከአገር ያስወጡናል የሚልም ወሬ ነበር። እኔ ጎንደር ሳለሁ አስተማሪ ነበርኩ፤ ኦምዱርማን ገበያ ልብስ መሸጥ ከጀመርኩ አሥራ አምስት ዓመት አልፎኛል። የማኅበራችን ስብሰባ ላይ የምናገረው ግን ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ሰው "መምህርት" ይለኛል። አማርኛዬ ያምራል ይላሉ፤ እኔም አምናቸው ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት የሁላችንም ታላቅ የነበሩት ሴትዮ ወደ እኔ ተጠጉ። የወሎ ሴት ናቸው፤ ሃያ ዓመት በካርቱም ቤቶች ወጥ ሲሠሩ የኖሩ። እትዬ ነበር የምንላቸው።

"መምህርት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አትቀየሚኝ።"

"ይጠይቁኝ እትዬ።"

"የታሰርነው በአንቺ ንግግር ነው አይደል?"

"አዎ። በእውነት ይቅርታ..."

"ይቅርታውን ተዪው። እንደው ንግግሩ ስለምን ነበር?"

የሚቀልዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አይቀልዱም።

"አልሰሙም ነበር እንዴ?"

"መስማትማ ሰማሁ። ግን መስጊድ የዐረቡን ኹጥባ ስሰማ እንደምሆነው ነው የሆንኩት። ያምራል፣ አንድም አልያዝኩ። ሰው የታሰረበትን ነገር አለማወቁ ደግሞ ደስ አይልም። እስቲ ድገሚልን።"

ከጥጉ አንዲት ደንዳና ሴት ሳቋ አመለጣት። ትልቅ ቤት ውስጥ ልብስ የምታጥብ፣ ትከሻዋ እንደ ወንድ የሰፋ፣ ተቀምጣ እንኳ እጇ የማያርፍ ሴት ናት።

"እኔማ ሠርግ መስሎኝ ነው የገባሁት" አለች። "ሙሽራዋ እስክትመጣ ነበር የምጠብቀው። ወንበሩን ባዶ ሳየው፣ የሐበሻ ሠርግ መቼ በሰዓቱ ይጀመራል ብዬ ተውኩት።"

"እኔ ስናገር ምን መሰለሽ ታዲያ?"

"የሙሽራዋ አክስት መሰልሽኝ። ምርቃቱ በዛ አልኩ በልቤ።"

ከታሰርን ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አንዷ እስክትታነቅ ድረስ ሳቀችና ጀርባዋን መታንላት። ከዚያ በኋላ ያቺን ሴት ሠርገኛዋ እንጂ በሌላ የጠራት የለም።

ተነሥቼ ቆምኩና ንግግሬን ደገምኩት። በቃሌ ነበር የማውቀው። ርእሱ የሥራ ውል ነው። ብዙዎቹ እህቶቻችን ሥራ ሲገቡ በዐረብኛ የተጻፈ ወረቀት ይሰጣቸውና አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ያትማሉ፤ ያተሙት ምን እንደሆነ የሚያውቁት ከተበደሉ በኋላ ነው። እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሳይነበብላችሁ አትፈርሙ። ይህንን ለማለት ግን ከውል ምንነት ጀምሬ፣ በሁለቱ ወገኖች ግዴታ አድርጌ፣ መብትን ተርጉሜ ነበር የምመጣው። ያን ቀንም እንደዚያው ሄድኩ። "በሁለተኛ ደረጃ" ስል ሁለቱ ተኝተዋል። ሠርገኛዋ የነጠላዋን ዘርፍ ትቋጥራለች፣ ትፈታለች።

ካርቱም ተወልዳ ያደገች አንዲት ልጅ ነበረች፤ አባቷ የቅመም ሱቅ አላቸው። አማርኛዋ ስለሚሰባበር ታፍርና ዝም ትላለች። እጇን እንደ ተማሪ አወጣች።

"መምህርት፣ ውል ማለት ምን?"

ስንት ጊዜ ያንን ቃል እንዳልኩት እግዜር ይወቅ።

"ዐግድ" አልኳት በዐረብኛው።

"አአ! ዐግድ! ወላሂ እኔ እኮ የክር ውል ነው ያልኩ። እናቴ ውሉ ጠፋ ትላለች፣ ክር ሲጠፋባት።"

ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር ከመታሰሬ ይልቅ ያ ነገር ነው ያሳዘነኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ሲያጨበጭቡልኝ ይሄ ነበር ማለት ነው? እትዬ እጄን ያዙኝ።

"አንቺ ልጅ፣ አኩርፈሽ ነው?"

"አይ።"

"አኩርፈሻል። ስሚኝ። የምሠራበት ቤት ገበታ ላይ አሥራ ሁለት ሰው ይቀርባል። አባትየው በርበሬ ከነካው ይታመማል፤ ልጁ ያለ በርበሬ አይነካም። አሮጊቷ ጥርስ የላትም። ድስቴ አንድ ነው። ሳወጣ ነው ሰው በሰው የማየው። ለአንዱ ከላዩ፣ ለአንዱ ከሥሩ፣ ለአሮጊቷ ፈጭቼ። አንቺ ድስቱን እንዳለ ነው ያቀረብሽልን።"

"ለእርስዎ እንዴት ላውጣልዎ ታዲያ?" አልኳቸው።

"እኔ በዜማ ካልሆነ አይገባኝም። ሕፃን ሆኜ ቁርኣን የቀራሁት ሁሉ በዜማ ነው።"

በዜማ መናገር እኔ አልችልበትም። ስለዚህ ነገሩን በአጭሩ ነገርኳቸውና እርሳቸው ራሳቸው ያዘጋጁት ጀመር። ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ወደ ግራና ቀኝ እየተወዛወዙ፣ ከንፈራቸው ሲሠራ ቆየና ይህን አወጡ፤

"ሳይነበብልኝ ጣቴን አልሰጥም፤
ሳልቀምሰው ያደረ ወጥ አልውጥም።"

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። የተኙትም ነቁ። እኔ በግማሽ ሰዓት ያልቻልኩትን እርሳቸው በሁለት ስንኝ ጨረሱት።

ልጅቷ ግን ዜማውን ብትወደውም ቃሉ አልያዘላትም። ጣቷን በርሜሉ ውስጥ ነክራ ወለሉ ላይ ቤት ሣለች፣ ቀጥሎ ወረቀት፣ ቀጥሎ እጅ። "እንዲህ ነው አይደል?" አለችኝ። እኔም ጣቴን ነከርኩ። በወረቀቱና በእጁ መካከል ትልቅ ዐይን ሣልኩ። ወዲያው ገባት። ሙቀቱ ሥዕሉን ቶሎ ቶሎ ያደርቀው ነበርና እንደገና እንሥላለን፤ በደረቀ ቁጥር አንድ ነገር ትጨምርበታለች። መጨረሻ ላይ ለአሠሪው ፂም አወጣችለት።

ሌላዋ ደግሞ በሰው ፊት ሲነገራት አይገባትም። ለብቻዋ ወስጄ፣ ቀስ ብዬ፣ ያንኑ ነገር አራት አምስት ጊዜ ነገርኳት። በአምስተኛው "እንዲህ ነው እንዴ?" ብላ ዞር ብላ ለጎረቤቷ አስረዳች፤ ከእኔ በተሻለ።

ያስቸገረችኝ ሠርገኛዋ ናት። ዜማው ሲጀመር ታጨበጭባለች፣ ሥዕሉንም አይታ ትስቃለች፤ "እና ምን ትያለሽ ወረቀቱ ሲመጣ?" ስላት ግን "እፈርማለሁ" ትላለች። "ለምን?" ስላት "ስለ ሰጡኝ" ትላለች። በሦስተኛው ቀን ተስፋ ቆርጬ አንድ የዳቦ ማሸጊያ ወረቀት አነሣሁና "በይ እኔ አሠሪሽ ነኝ፤ ፈርሚ" ብዬ ፊቷ ላይ ወረወርኩላት። ዘልላ ተነሣች። "ቆይ፣ ቆይ! እኔ አሠሪ ልሁን፤ አንቺ እኔን ሁኚ!" አለች።

ጨዋታው እንደዚያ ተጀመረ። ወገቧን ይዛ፣ ሆዷን ነፍታ፣ የክፍሉን ወለል ትረግጠው ጀመር። እመቤቷን ሆነች። "ያላ! ያላ! ፈርሚ! እንግዳ አለብኝ!" ትላለች፤ መነጽር እንዳላት ሁሉ ከአፍንጫዋ በላይ ታየናለች። ተራ በተራ ፊቷ ቀርበን በዐረብኛ "አግራሃ ሌይ" እንላለን፤ አንብበህ አሰማኝ እንደማለት ነው። ቀጥሎ እኛ አሠሪ፣ እሷ ሠራተኛ። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ መቆምን ያስተማርኳት ያኔ ነው። "እጅሽ ወደ ፊት ከሆነ ይይዙሻል። ወደ ኋላ አድርጊው" አልኳት። ደጋግማ ሠራችው። እጇ ሥራ ሲያገኝ ጭንቅላቷም ነቃ።

በሳቃችን መሀል በሩ ተበረገደ። ጠባቂዋ ናት፤ ሻዊሽ የምንላት፣ የሃምሳ አለቃ ሱዳናዊት። የምንደባደብ መስሏት ዱላ ይዛ ነበር።

"ምንድን ነው ይሄ?"

ልጅቷ ናት በዐረብኛ የነገረቻት፤ ያለ ምንም ማፈር፣ ፈጠን ብላ። ጠባቂዋ ሠርገኛዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"ለመኮንኑ ነው የምትለማመዱት?"

"የለም፤ ለአሠሪ ነው" አለች ልጅቷ።

"መኮንኑም እኮ ወረቀት ያመጣላችኋል። የሚመጣው እሑድ ነው። ጽፎ ጨርሷል።" ዱላዋን ከበሩ አስደገፈች። "ደግሞ እሱ እንዲህ አይልም። ጠረጴዛ ይመታል። እንዲህ!" ብላ በርሜሉን በመዳፏ መታችው። ውኃው ፈነጠቀ። "ካለቀሳችሁ ይብስበታል። ከጠየቃችሁት ግን ግራ ይገባዋል። እሱን የሚጠይቀው የለማ።" ትንሽ አሰበችና ዱላዋን አንሥታ ወጣች። በማግሥቱ የፉል ሰሃን ይዛ ስትመጣ፣ "እስቲ አሳዩኝ" አለችን። አሳየናት። ሠርገኛዋን ሁለት ጊዜ አረመቻት።

እሑድ ረፋዱ ላይ ወደ ግቢው አወጡን። አንድ ኒም ዛፍ አለ፤ ከሥሩ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ላይ የጣት ቀለምና አንድ ወረቀት። መኮንኑ ወጣት ነው፤ ላቡን በመሐረብ ይጠርጋል። እኔን ከሰልፉ አውጥቶ ግድግዳው ሥር አቆመኝና፣ "አንቺ አንድ ቃል እንዳትናገሪ" አለኝ። ቀደም ብሎ ለጥያቄ ብቻዬን ወስዶኝ በጥፊ መትቶኛልና፣ እንደሚመታ አውቃለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን መናገር አምሮኝ አያውቅም።

እትዬ ቀድመው ተጠሩ።

"እዚህ ላይ" አለ መኮንኑ።

"አግራሃ ሌይ፣ ልጄ።"

"ምን?"

"አንብብልኝ። ሳይነበብልኝ ጣቴን አልሰጥም።"

"ቢነበብስ ምን ይገባሻል አንቺ ሐበሺያ?"

"ሃያ ዓመት እናንተን አብልቻለሁ" አሉ እትዬ በዐረብኛቸው። "ጨው ሲበዛም ሲያንስም በቋንቋችሁ ነው የተሰደብኩት። ይገባኛል።"

ከኋላ አንዲት ሳቀች። መኮንኑ ጠረጴዛውን መታ፤ ልክ እንደተባለው። እትዬ አልደነገጡም፤ በርሜሉ ሲመታ ሰንብቷል። ወደ ጎን አድርጓቸው ሁለተኛዋን ጠራ። ሠርገኛዋ ናት።

ቀረበች። አፏን ከፈተች። ቃሉ ጠፋባት። ሲጠፋባት ፊቷ ላይ አየሁት፤ ዐይኗ እኔን ፈለገ፣ እኔም አፌ ታስሯል። መኮንኑ እጇን ሊይዝ ተንጠራራ። ያኔ ሁለቱም እጆቿ ቀጥ ብለው ወደ ኋላዋ ሄዱ። ተጣመሩ። ትከሻዋን ነፋችና በአገጯ ወረቀቱን አመለከተችው። አንድም ቃል አልወጣትም። ወረቀቱን በአገጯ እያመለከተች ቆመች፣ ቆመች፣ ቆመች። ጠባቂዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ማንበብ የሚችል አለ ከእናንተ?" አለ መኮንኑ በመጨረሻ፣ ለማላገጥ ይመስለኛል።

ልጅቷ ከሰልፉ ወጣች። እዚያው ተምራ ያደገች ናት፤ ስድስተኛ ክፍል ደርሳለች። ወረቀቱን አነሣችና ጮክ ብላ አነበበች፤ ቀጥላ በሚሰባበረው አማርኛዋ አንድ በአንድ ነገረችን። እኛ ከዚህ በታች ጣታችንን ያተምን ሴቶች፣ መንግሥትን ለመሳደብ ተሰብስበን፣ ያቺ ሴት አነሣሥታን... "ያቺ ሴት" ስትል በጣቷ እኔን አመለከተች። ቃሉ የጠፋባት እንደሆነ እጇን ትጠቀማለች። ስድብ ማለት ጠፍቶባት በአፏ ትፍ አለችና አሳየች። ሁሉም ገባቸው።

"ውሸት ነው" አለች፣ ያቺ በሰው ፊት ሲነገራት የማይገባት ሴት። ከሁሉ ቀድማ። "የመጣነው ስለ ወረቀት ልንሰማ ነው። መንግሥት የሚል አልሰማሁም።"

"እኔ ለሠርግ ነው የመጣሁት!" አለች ሠርገኛዋ፤ ድምፅዋ ተመልሶላታል።

መኮንኑ ሁሉንም አያቸው። ፀሐዩ ከዛፉ ጥላ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ደርሶ ነበር፤ አዛን ሊል ነው። ቢያንስ ዘጠኝ ጊዜ እንዲህ ከሚከራከር ሌላ ወረቀት መጻፍ እንደሚቀለው ያሰበ ይመስለኛል። እስክሪብቶውን አወጣ። ያለ ስብሰባ ፈቃድ በሠርግ አዳራሽ ተገኝተዋል፤ ሁለተኛ ያለ ፈቃድ አይሰበሰቡም። ይኸው ነው። ጽፎ ሲጨርስ አነበበው።

እትዬ ጣታቸውን ወደ ቀለሙ ወሰዱና መለሱት።

"ልጄ፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም።"

"ምን?"

"ከኋላ ያሉት። ተነሥና ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብላቸው። ፊትህንም ወደ እነሱ አድርግ።"

መኮንኑ እትዬን አየ፣ ወረቀቱን አየ። ከዚያ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ፊቱን ወደ መጨረሻዋ ሴት አዞረና ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ ብሎ አነበበ። ደህና አድርጎ አነበበ። ጣታቸውን ያተሙት ከዚያ በኋላ ነው።

እነሱን ያን ቀን ለቀቋቸው። ሲወጡ ዜማውን እያዜሙ ነበር፤ ሐፍላ ከሚሉት አውቶቡስ መሳፈሪያ ድረስ ይሰማኝ ነበር። እኔን አራት ቀን ጨምረው ያዙኝ። ስለ አራቱ ቀን ብዙ የምለው የለኝም። በአምስተኛው ቀን በሩ ሲከፈት ሠርገኛዋ ውጪ ቆማ አገኘኋት፤ በየቀኑ ከማዮ ሰፈር በሁለት ሐፍላ እየመጣች ስትጠይቅ ሰንብታለች። አቅፋኝ ከመሬት አነሣችኝ።

ጦርነቱ ሲመጣ ሁላችንም ተበተንን። እኔ ጎንደር ገባሁ። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ከሱዳን ለተመለሱ ሴቶች አስተምራለሁ። ንግግሬ አጥሯል፤ አንዳንዴም እኔ ከምናገር እነሱ ይናገራሉ። እትዬ ፖርት ሱዳን ናቸው፤ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ድስት ይዘዋል፤ ስልክ ሲያገኙ ድምፃቸውን ይልኩልኛል።

ሰዎች ስለ እስሬ ንገሪን ሲሉኝ ፊታቸውን ለሐዘን ያዘጋጃሉ። እኔም እንዳላስቀይማቸው እሠጋለሁ፤ የምነግራቸው ይህንን ነውና። በመጀመሪያ ቅር ይላቸዋል። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ የቆመችው ሴት ጋ ስደርስ ግን እኔ ራሴ ተነሥቼ፣ እጄን አጣምሬ፣ በአገጬ አሳያቸዋለሁ። ያኔ ይስቃሉ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ስቃ ስትጨርስ እጄን ይዛ፣ "እንደገና አሳዪኝ፤ እኔም ልሞክረው" አለችኝ። አብረን ቆምን።